ለእናቱ ሠልጣኝ፣ ለእኛ ወታደር

ኅሩይ ቅጥረኛ ሆኖ በረሃ ዘምቶ ሞተ ተባለ። ወሬው ዙሪክ አጠገብ፣ ዋሊሰለን ተጀመረ፤ ዲቲኮን እስኪደርስ በረሃው ስም ወጣለት፣ ኅሩይም መቶ አለቃ ሆነ።

ውሸት ነው። ኅሩይ ተራ ወታደር ነበር፤ የሞተውም እዚሁ ስዊዘርላንድ ነው። እዚህ አገር ዜግነት ያገኘ ወጣት መሠረታዊ የወታደር ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላም በየዓመቱ ለሦስት ሳምንት ይጠራል። ቬካ ይሉታል። በፈረንጆቹ 2019 ኦክቶበር፣ ወደ አራተኛ ቬካው በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ዝናብ ባራሰው የተራራ መንገድ ላይ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገለበጠ። ሾፌሩ እጁ ተሰበረ። ኅሩይ ሞተ። ይኸው ነው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች አባቱን ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። እናቱ ወይዘሮ ተናኘወርቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ጄኔቫ ገቡ፤ ለዛቫንሼ የሚባል ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቤት አገኙ። ከዚያ ወዲህ የትራም ተቆጣጣሪ ሲያዩ፣ ቲኬት በእጃቸው እያለ፣ ይወርዳሉ።

ልጁ አደገና ዙሪክ ዳር፣ ዲቲኮን፣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነጂ ሆነ። ለሠርግ ከሙሽሮቹ መልስ በኋላ የሚደርስ ሰው፣ ለቬካ ሲሆን ከባቡሩ ቀድሞ ጣቢያ ይገኛል። ጓደኛው ሮቤል አንድ ቀን «ምን አገኘህበት?» ቢለው፣

«አሥር አለቃዬ ስሜን አስተካክሎ ይጠራኛል። መጋዘን ግን ስድስት ዓመት ሙሉ 'ሄሪ' ነኝ» አለ።

ለእናቱ ግን «የፎርክሊፍት ሥልጠና አለብኝ» ነበር የሚለው። በየዓመቱ፣ ሦስት ሳምንት።

«ልጄ፣ መኪናው ክንፍ አለው እንዴ? ምን ዓይነት የማያልቅ ትምህርት ነው?» ይሉት ነበር።

እሳቸው ሊጠይቁት ወደ ዲቲኮን ሲመጡ፣ በዚህ አገር ደንብ ቤቱ የሚያስቀምጣቸው ዩኒፎርሙና ጠመንጃው ሮቤል ቤት ይሰደዳሉ። ሮቤል ጴንጤ ነው፤ ጠመንጃው አልጋው ሥር ባደረ ቁጥር ጸሎቱ ይረዝማል። ይህን ሁሉ ሁላችንም እናውቃለን። ዙሪክ ያለ ሐበሻ የማያውቀው የለም። የማያውቁት እናቱ ብቻ ናቸው።

በሞተበት ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ መኮንንና አንድ የጦሩ ቄስ ለዛቫንሼ መጡ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በሩን ከፍተው ዩኒፎርሙን አዩና መልሰው ዘጉት። ከጎን የሚኖሩት ወይዘሮ ሕብስት ድምፅ ሰምተው ወጡ፤ መኮንኑም እንዲያስተረጉሙለት ለመናቸው። የሚለውን ሰሙ። ታዲያ መርዶ በማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ወዳጅ ሰብስቦ እንጂ፣ ለብቻዋ ላለች እናት በአሥር ሰዓት በበር ቀዳዳ ይነገራል? በተዘጋው በር፣

«ተናኜ፣ ኅሩይን ትንሽ አሞታል ይላሉ» አሉ።

ከውስጥ መልስ መጣ፦ «ለትንሽ ሕመም ሁለት ወታደር ይላካል?»

ግን ከፈቱ። መኮንኑ የተነገራቸው መስሎት ቆቡን አውልቆ ጨበጣቸው። «ሜርሲ» አሉት፤ ሻይ ይጠጡ እንደሆነ ጠየቁ። ቄሱ ወይዘሮ ሕብስትን አየ፤ ወይዘሮ ሕብስት አሳንሰሩን አዩ። ሁለቱ ሰዎች የስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት ትተው ሄዱ። ደረጃው ላይ መኮንኑ «ጠንካራ ሴት ናቸው» አለ አሉ።

ወይዘሮ ሕብስት ማታውን ደውለው ነገሩን፤ በማግስቱ በመጀመሪያው ባቡር ከዙሪክ ሰባት ሆነን ሄድን። ሴቶቹ ነጠላቸውን በቦርሳ ደብቀዋል። ከፊታችን አቶ ወልደሥላሴ ነበሩ፤ መርዶ መንገር ከተለማመዱ ቆይተዋል። ገና ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ካፖርት ለብሰዋል፤ በእጃቸው ሹራብ፣ ካልሲና በፔርሙዝ አጥሚት የያዘ ቦርሳ አለ።

«እናንተም ልትጠይቁት ነው? ሆስፒታሉን ታውቁታላችሁ?»

አቶ ወልደሥላሴ «እስኪ መጀመሪያ ቁጭ እንበል» አሉ።

ቁጭ አልን፤ አቶ ወልደሥላሴም ነገሩ። መኪናውን፣ ዝናቡን፣ ቬካውን ነገሩ። እሪ ያሉት ከእኛ ጋር የመጡት ሴቶች ናቸው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቦርሳውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ፣

«ወታደር የሆነው መቼ ነው?» አሉ።

«አራት ዓመት ሆኖታል» አለ ሮቤል።

«ታውቁ ነበር?»

ሰባታችንም ምንጣፉን አየን።

ወደ መጨረሻው ቬካ ሲሄድ፣ እሑድ ከሰዓት ዲቲኮን ጣቢያ ሸኝተነዋል። አራት ነበርን፣ በወታደር ጫማው ስንስቅ። ባቡሩ ሲመጣ ሻንጣውን አነሣና እንዲህ አለ፦

«ስመለስ ለእማዬ ልነግራት ነው። ለብቻዬ አልችልም፤ ማን አብሮኝ ይሄዳል?»