ፀሐይ ያልደረሰበት ቀይ

ለታሪክ ተማሪዎቼ ከጭቃ የሠራኋቸው፣ ጣት የሚያክሉ የጥንት ቻይና ወታደሮች ጠረጴዛዬ ላይ ተሰልፈዋል። መጽሐፉ ላይ ያሉት ሐውልቶች አፈር ስለሚመስሉ ብሩሼን ቡናማ ቀለም ውስጥ ነከርኩ። የእርጥቡ ቀለም ሽታ ግን ወደ እማ ዘሀራ ግቢ መለሰኝ።

እማ ዘሀራ በልጅነቴ የሣር ስፌት ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ነበሩ። የሠርጋቸውን ሙዳይ፣ ልጃቸው ስትዳር ይዛው እንድትሄድ፣ የተበጠሰውን እንድጠግን ሰጡኝ። የቆቦ ፀሐይ ሙዳዩን አደብዝዞት ነበር። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ፣ ቀለም የነከርኩትን አክርማ ሙዳዩን እስኪመስል ድረስ አጥቤ አገረጣሁትና ሰፋሁበት።

ሲያዩት በሳቅ ፈነዱ።

«አንቺ ልጅ፣ እርጅናዋን ሰፋሽባት እኮ!»

ክዳኑን ከፍተው የጠርዙን ስፌት በወስፌ ፈልቀቅ አደረጉት። ውስጡ እንደ በርበሬ ቀይ ነው።

«ፀሐይ ያልደረሰበትን ጠይቂ። ወላሂ፣ እሱ አይዋሽሽም።»

ብሩሼን አስቀምጬ መጽሐፉን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ፎቶው ላይ ከአንዱ ወታደር ብብት ሥር፣ ከጥሩሩ፣ ከጦር ልብሱ እጥፋት ውስጥ፣ ከጥንት ቀለሙ የተረፈች ክር የምታክል ቀይ ተደብቃለች። ስንት ዓመት ሙሉ ልጆቹን ጭቃ የለበሰ ጦር አስተምሬያለሁ!

የሱሪያቸውን ቀለም ገና አላውቅም። ቡናማውን ከድኜ ቀዩን ከፈትኩ።