ሦስት ቦታ የተከፈለው ልብወለድ

ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ በኖርንባቸው ዓመታት የአማርኛ ልብወለድ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ከመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡ ሠራተኞች ከልብሳቸው ጋር ጠቅልለው አንድ ሁለት ያመጡልናል። አንባቢው ብዙ ስለሆነ ወፍራሙን መጽሐፍ ስፌቱን ፈትተን ሦስት ቦታ እንከፍለዋለን፤ እያንዳንዱን ክፍል በካርቶን ለብጠን በየተራ እንቀባበላለን። ዓርብ ሥራ ስለሌለ በጎረቤታችን በልብስ ሰፊው ራኩባ፣ በሣር ዳሱ ጥላ ሥር እንቀመጥና ያነበበ ሰው ለሌላው ይመሰክራል፤ “አንብቡት” ወይም “ጊዜያችሁን አታባክኑ” ይላል።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በራሴ ጥረት ነው። መጽሐፍ ሰውን ካላረመ ወረቀቱ ያሳዝነኛል። ወዳጆቼ በዚህ ጠባዬ “ዳኛው” እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

የምጨነቀው ግን ስለ ሴት ልጄ ነበር። እዚያው ተወልዳ በዓረብኛ ተማረች። አማርኛ ትናገራለች፤ ፊደሉንም ራሴ አስቆጥሬያታለሁ፤ ማንበቡን ግን እየተወችው መጣች። የመረጥኩላትን መጽሐፍ ጥቂት ገጽ አይታ ታጥፈዋለች። ምክንያቱን ስጠይቃት “ሁሉም ምክር ነው” አለችኝ። አንድ ቀን አገራችን ብንመለስ በዘመዶቿ ልጆች መካከል እንደ ማይም እንዳትቆም እሰጋ ነበር።

አንድ ዓርብ የአዲስ ልብወለድ የመጀመሪያውን ክፍል አንብቤ ቀረብኩ። አባቷ የመረጠላትን ባል ጠልታ ከቤት ስለ ጠፋች ልጅ ነው። አጻጻፉ ጥሩ መሆኑን አልሸሸግሁም፤ ልጆች ላሉት ሰው ግን አልመክርም አልኩ። ልብስ ሰፊው ሳቀና “ዳኛው ፈርዷል፤ ይግባኝ የሚል ካለ ይነሳ” አለ።

ልጄ ለእንግዶቹ ቀዩን የከርከዴ ሻይ ትቀዳ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

“እኔ አለሁ” አለች። “አባባ፣ እርስዎ ያነበቡት መጀመሪያውን ብቻ ነው። እኔ መጨረሻውን አንብቤዋለሁ።”

ለካ የልብስ ሰፊው ሚስት የመጨረሻውን ክፍል ሰጥታት ኖሯል። ያገኘችው እሱን ብቻ ስለነበር ከዚያው ጀመረች። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዓረብኛ እያደረገች ነገረችን፤ አባትየው ዓይኑ ጠፍቶ ጠያቂ ሲያጣ አብራው የምትኖረው ያቺው የጠፋችው ልጅ ናት። አንድ የሎሪ ሾፌር፣ መጨረሻውን ከነገርሽን ምኑን ልናነብ ነው ብሎ አጉረመረመ። እሷ ግን የጠፋችው ልጅ ለምን እንደ ተመለሰች ገና እንደማታውቅ፣ እሱም ያንን ፈልጎ እንዲያነብ መለሰችለት።

እኔ ግን ልቤ ከታሪኩ ርቆ ነበር። ልጄ ማንም ሳያዝዛት አንድ ሙሉ ክፍል ጨርሳለች።

ቤት ስንገባ መጀመሪያውን ጠየቀችኝና የመጨረሻውን ክፍል ሰጥታኝ ተለዋወጥን። የመሃሉ ክፍል ከአንድ ሠራተኛ ጋር ሀዋታ ወደሚባል ከተማ ሄዶ ስለነበር የታሪኩ ልጅ እንዴት እንደ ተመለሰች እየገመትን ሰነበትን። ልጄ አባትየው ልኮባት ነው ትላለች። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይልክም፣ ራሷ ናት የመጣችው እላለሁ።

“እርስዎ ቢሆኑ ይልኩ ነበር?” አለችኝ።

“እልክ ነበር፤ ግን እዘገይ ነበር” አልኳት። ሳቀችብኝ።

የመሃሉ ክፍል ከሀዋታ ሲመጣ ተራው የእኔ ነበር። ለእሷ ለቀቅሁላት። በጣቷ እየተከተለች፣ የከበዳትን ቃል ጮክ ብላ እየደገመች ታነባለች። ካልጠየቀችኝ ላላርማት ወሰንኩ፤ ቀላል አልነበረም።

በተከታዩ ዓርብ ቃሌን ሰጠሁ። ልጅ ከአባቷ ቤት ተደብቃ መውጣቷን አሁንም እንደማልደግፍ፣ መሃሉንም ገና እንዳላነበብኩ ተናገርኩ። “ቢሆንም አንብቡት” አልኩ። “ሴት ልጅ ያለው ሰው አንብቦ ለልጁም ይስጣት፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ይከራከሩ።”

ሾፌሩ የመሃሉን ክፍል ዛሬውኑ መውሰድ እንደሚፈልግ ነገረኝ።

“ልጄ ዘንድ ነው” አልኩት። “ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ጠብቅ።”