ማረሻ የተገጠመለት ብስክሌት

ሞተሩን ከባቲ የሰኞ ገበያ እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው ያመጣሁት። ከሚሴ ወርጄ እቤት እስክደርስ ሰላም ያለኝ ሰው ሁሉ «ምንድን ነው እሱ?» ይላል፤ «የብስክሌት ሞተር» እላለሁ፤ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ደስ ብሎኝ ነበራ! የኋላ ጎማ መሀል የሚገባ፣ ብቻውን የብስክሌቴን ግማሽ የሚመዝን ድብልብል ብረት ነው። ያኔ ሬዲዮና ሞባይል እየጠገንኩ ነበር የምኖረው፤ ሽቦ የሚንጠለጠልበት ነገር ካየሁ አላስችል ይለኛል።

ለጨዋታ ብቻ ግን አልነበረም። አባቴ ጉልበታቸውን ታመው ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ያለውን ማሳቸውን ካዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል። አራሹ ደህና ሰው ነው፤ እየመጣ «ማሽላው አንደኛ ነው» ይላቸዋል። እሳቸውም «አልሀምዱሊላህ» ይሉና ሰውየው ሲወጣ ወደ እኔ ዞረው፣ «በዓይኔ ያላየሁትን አንደኛ ነው ይለኛል» ብለው ይነጫነጫሉ። ባጃጅ ከአስፋልቱ ወርዶ እዚያ ድረስ አይገባም። በቅሏችን ከተሸጠች ቆይታለች። ታዲያ ማሽላው ማዘርዘር ሲጀምር «ሳይታጨድ ወስጄ አሳይዎታለሁ» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ። አባቴ ደግሞ ቃል የሚረሱ ሰው አይደሉም።

ሞተሩን ገጠምኩ። አራት አሮጌ የባጃጅ ባትሪዎች በሳጥን አድርጌ የብስክሌቱ አፅም፣ ቴላዮው፣ መሀል ላይ ጫንኩ። የኋላ ጎማውን የሚይዙትን ሁለት ዳዶዎች ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅኩና «ቢስሚላህ» ብዬ የመሪውን እጀታ ጠመዘዝኩ። ብስክሌቱ ከሥሬ ሾልኮ ወጣ። እውነቴን ነው! የፊት ጎማው ሰማይ ሲያይ እኔ በመቀመጫዬ መሬት ላይ ነበርኩ። ሰፈርተኛው በሳቅ ሞተ። ተነስቼ ደግሜ ወጣሁበትና ፔዳል ሳልረግጥ፣ ሳላልበኝ፣ እየጮህኩ እስከ መንገዱ ጫፍ በረርኩ። እዚያ ስደርስ ከኋላዬ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት በገፋው ቁጥር መሀል ላይ ያለውን ብረት፣ ፐርኖውን፣ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ይጠመዝዘዋል። በተራ ብስክሌት ላይ ፐርኖ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ጨዋ ነው። የኔው ግን ዳዶውን ፈትቶ፣ የተቀመጠበትን የቴላዮ ጆሮ ቦርቡሮ ዞረ፤ በሆዱ የሚያልፉትን ሽቦዎችም ጠቅልሎ በጠሳቸው። ሽቦ መቀጠል ለኔ ቀላል ነው። ያን ፐርኖ አንቆ የሚይዝ ክንድ ግን አስፈለገኝ።

ከአሮጌ የበር ማጠፊያ አንድ ክንድ ሠራሁ፤ አንዱ ጫፍ ፐርኖውን ይይዛል፣ ሌላው ቴላዮው ላይ ይታሰራል። በምን እንደማስረው ሳሰላስል አባቴ ከደጃፉ ሆነው ያዩኛል።

«ኩን ማሊ?» አሉ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው ነው።

ነገርኳቸው።

«በሽቦ ልታስር? ስንት ዘመን ቀንበርና ሞፈር ያሰርኩ ሰው እዚህ ቁጭ ብዬ? በል ጠፍር አምጣ።»

ጥሬ ቆዳ ነው፤ ርሶ ታስሮ ሲደርቅ እየጠበቀ ይሄዳል። አባቴ ራሳቸው ነከሩት፣ ራሳቸው በጥርሳቸው ጭምር ጎትተው አሰሩት። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። ስናንኳኳው እንደ ብረት ጮኸ። ሁለታችንም ኮራን። የገበሬ ልጅ መሆን እንዲህ ይጠቅማል ብዬ ለበያጁ ጎረቤታችን ሳይቀር አወራሁ።

አባቴን ከኋላ ጋቢ አንጥፌ አስቀመጥኳቸው። የታመመው እግራቸው ስለማይታጠፍ ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ ከዘራቸው በሌላ በኩል ተዘርግቷል፤ መንገዱን በሙሉ ይዘነዋል። «ሱታ! ሱታ!» ይሉኛል፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ሰላም የሚሏቸውን ሰዎች አንገታቸውን አዙረው «ወአለይኩም ሰላም» እስኪሉ ሰዎቹ ሩቅ ቀርተዋል። የሳቅኩት ሳቅ ዛሬም ጎኔን ያመኛል።

ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ሸለቆው ገባን። አንድ የመስኖ ቦይ ተሻገርን፤ ሁለተኛውን ተሻገርን፤ ሦስተኛው እስከ ጎማው መሀል ደረሰ። ውሃ! ጠፍር ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ከሁለታችን የማያውቅ ማን ነበር? ከቦዩ ወዲያ ያለችውን ዳገት ስንጀምር ቆዳው ልፍስፍስ አለ፣ ክንዱ ተፈናጠረ፣ ፐርኖው ዞረ። ከቆምንበት የማሳችን ማማ፣ ወፍ ጠባቂው የሚወጣባት፣ ጫፏ ይታያል። ማሽላው ግን አይታይም።

አባቴ ከጨፋ ሮቢት ገበያ በሚመለስ ሰውዬ አህያ ተመለሱ፤ እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ ከኋላ። እግራቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሳቄን ለመደበቅ ራሴን አቀረቀርኩ። ቆይቶ ግን አንዴም ዞረው ማማዋን እንዳላዩ ሳስተውል ሳቄ ጠፋ። አፈርኩ። ለካ እንደ ልጅ ሲጠብቁ ኖረዋል።

በማግስቱ ጠዋት ማረሻቸውን ከግድግዳው አውርደው ደጃፉ ላይ ይዘዋት ተቀምጠዋል። የእንጨቱ ዕቃ ሁሉ ለአራሹ ተሰጥቷል፤ ብረቷን ግን ለማንም አልሰጡም ነበር።

«በሬ ድንጋይ ሲገጥመው ይቆማል» አሉ። «ጠፍር ለሚቆም ነገር ነው። ይሄ ሰውዬ አይቆምም።» ሰውዬ ያሉት ሞተሩን ነው። «ይቺን ቁረጣት።»

«አባ፣ ማረሻዎትን?»

«ማን ሊያርስባት ነው? እኔ?»

ማረሻዋን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ይዣት ወደ በያጁ ሄድኩ። እሱ ደግሞ «የሽማግሌ ማረሻ ቆርጬ እርግማን ውስጥ ልግባ?» ብሎ እምቢ አለ። አባቴ በከዘራ እያነከሱ ራሳቸው መጥተው፣ «ቁረጥ፣ መርቄሃለሁ» አሉት። እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለና ቆረጣት። በእሳት አጋለ፣ ቀጠቀጠ፣ ከእሷ ወፋፍራም ሁለት ክንድ አወጣ፤ ለግራና ለቀኝ።

ፐርኖው የሚገባበትን የክንዶቹን ቀዳዳ በሞረድ የሞረድኩት እኔ ነኝ። ፐርኖው በሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቀዳዳው ልኩን ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ ፀጉር ታህል ክፍተት ካገኘ ያንኑ እያሰፋ ይዞራል። ትንሽ እሞርዳለሁ፣ እለካለሁ። አልገባ ሲል አባቴ ደስ ይላቸዋል፤ «በመዶሻ እንጂ በእጅ እንዳትገባ!» ይላሉ። ውለን ውለን በመዶሻ ገባች። የክንዶቹን ሌላ ጫፍ በብሎንና በብረት ማሰሪያ ቴላዮው ላይ ጠፈነግኩ። አባቴ በአውራ ጣታቸው ገፏት። ንቅንቅ አላለችም።

ሄድን። የመጀመሪያው ቦይ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው! ውሃው ተረጨብን፣ «ያ ረቢ!» ብለው ወገቤን አነቁኝ። ዳገቷ ላይ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት። ሞተሩ አጓራ፤ ፐርኖው ግን እንደ ጨዋ ዝም አለ። እኔ ደግሞ እንደ እብድ ጮህኩ። ማሳው ጫፍ ላይ ቆምን።

ማሽላው ከሁለታችን ቁመት በላይ ነበር። አባቴ በከዘራቸው አንዷን ዘለላ ጎትተው አወረዱ፣ ጥቂት ፍሬ በመዳፋቸው ፈተጉ፣ እፍ ብለው አፋቸው ውስጥ ጣሉ። አኘኩት። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር፤ የኔም።

«አንደኛ ነው» አሉ።

ከዚያ በደህናው ጉልበታቸው በርከክ ብለው የብስክሌቱን ብረት ዳሰሱ። ማረሻዋ የማሳውን ጥቁር ጭቃ ለብሳለች። ጨርቅ አውጥቼ ልጠርጋት ስል እጄን ያዙኝ።

«ተዋት» አሉ። «እንዲህ ነው የማውቃት።»

ደግፌ አስቀመጥኳቸው። እግራቸውን ወደ ጎን ዘረጉ፣ ከዘራቸውን ዘረጉ። ቀስ ብዬ ልነሳ ስል ጀርባዬን በጡጫ መቱኝ።

«ምን ትንቀራፈፋለህ! በዚያ በኩል ዞረን በሙሉ እንየው እንጂ። ደፊ፣ ደፊ!» አሉኝ፤ ፍጠን ማለታቸው ነው።