ልጄና የአክስቷ ቻይና ቤት

ልጄ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ቀን አባቷ፣ «የፈለግሽውን ጠይቂ፣ ዛሬ ያንቺ ቀን ነው» አላት። መልሱን የማውቅ መስሎኝ ከማለዳው ዶሮ ገዝቼ ጓሮ አስሬአለሁ፤ ልጄ የእኔን ዶሮ ወጥ ትወዳለች። እሷ ግን ካርዷን እንደያዘች፣ ጥቂት እንኳ ሳታስብ፣ «አክስቴ ጋ እንብላ» አለች።

አክስቷ የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። ከሺሺንዳ መጥታ እኛ ቤት ስትቀመጥ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። እኔ ዞን መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ስውል ልጄን ያዘለቻትም፣ ያጎረሰቻትም፣ ያስተኛቻትም እሷ ናት። ይህን የምጽፈው ለማመስገን አይደለም። ልጄ መጀመሪያ የተራመደች ቀን ወሬውን ከቢሮ ስመለስ በር ላይ ነው የሰማሁት፤ ያን ቀን የገባብኝ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣም። ቸርች ውስጥ «ቅናት አጥንትን ያነቅዛል» ተብሎ ሲሰበክ ቀና ብዬ አላይም።

በኋላ መንገድ የሚሠሩ ቻይናዎች ካምፕ ወጥ ቤት ተቀጠረች። ሥራውን ያፈላለግኩላት እኔ ነኝ። ሰፈሩ፣ «ለባሏ እህት እንዲህ የምታስብ የት ይገኛል?» ብሎ አመሰገነኝ። ከልጄ ራቅ እንድትልልኝ መሆኑን እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ልፋቴ ግን ከንቱ ቀረ፤ ከዓመታት በኋላ ሙያ ይዛ ተመለሰችና ከቤታችን አሥር ደቂቃ በማያስኬድ ቦታ ቻይና ምግብ ቤት ከፈተች።

ቤቱ ያው የቦንጋ ቤት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ላይ ሁለት ቀይ የወረቀት ፋኖሶች ተንጠልጥለው ዝናቡ አንዱን አበስብሶታል። እሁድ እሁድ ሰው ልጆቹን አስከትሎ ይመጣል። ልጆቹ የሚወዱት ምግቡን ብቻ አይደለም፤ ክቡ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ክብ ጣውላ ተገጥሞበታል፣ ሲገፉት ይዞራል። እዚሁ ሰፈር ያለ አናጢ ነው የሠራው፤ ሲዞር ሲጥ ሲጥ ይላል። እንደ ገበታ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ወጡ ራሱ እየዞረ ይመጣልሃል።

ገና ሳንቀመጥ አክስቷ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣችና ልጄን ከመሬት አነሳቻት። ልጄ ቤት ለእኔ «ያው ካርዴ» ብላ ያሳየችኝን ካርድ ለእሷ ሁለት እጇን ዘርግታ ሰጠቻት። አክስቷ አንብባ ሳመቻትና ካርዱን ግድግዳው ላይ፣ ከንግድ ፈቃዷ አጠገብ ለጠፈችው። «እስክትሄዱ እንግዳ ሁሉ ይየው» አለች። ልጄ አንገቷን ቀና አድርጋ ዙሪያዋን አየች። እኔ ፎጣ የምፈልግ መስዬ ቦርሳዬን ጎረጎርኩ።

ኑድል መጣ፤ እንቁላል የተደባለቀበት ሩዝ መጣ፤ በነጭ ሽንኩርት ቶሎ የተጠበሰ ጎመን መጣ። ቤት ውስጥ ጎመን ሲያይ ሆዱን የሚያመው ባለቤቴ ሁለቴ አስጨመረ። መጨረሻ ላይ ዶሮው መጣ፤ በዝንጅብል ነው የተሠራው፤ ከዝንጅብሉ ሥር ግን ኮረሪማ ሸተተኝ። ዶሮ ላይ ኮረሪማው መቼና ምን ያህል እንደሚነሰነስ ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ የእናቴ ሙያ ነው፣ ከአገሬ ከደካ ይዤው የመጣሁት። ልጄንም ሙያዬንም ወሰደች ብዬ በሆዴ ተቃጠልኩ።

«እትዬ፣ ላውጣልዎት?» አለችኝ ማንኪያውን ይዛ።

«ተይው፣ ጠግቤያለሁ። ቁርስ አርፍጄ ነው የበላሁት።»

ቁርስ አልቀመስኩም ነበር። እኛ አገር ግን በመጀመሪያው ግብዣ እሺ የሚል ሰው የለም። የመጀመሪያው እምቢታ ለወግ ነው፣ ሁለተኛው ለክብር ነው፤ በሦስተኛው «በሞቴ» ይባላል፣ ያኔ ሰው እየተግደረደረ ይቀርባል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሁለተኛውን ጠበቅኩ።

«እሺ፣ እትዬ» አለችና ጣውላውን ገፋችው።

ካምፑ ነው ያበላሻት። አንድ ቀን ራሷ አጫውታናለች፦ እዚያ አልፈልግም ካልክ ሳህኑን ያነሱታል፤ «የመጀመሪያውን ወር በይሉኝታ ጦሜን ነው ያደርኩት» ብላ ሁላችንንም አስቃናለች። እኔም ስቄ ነበር። አሁን ዶሮው ፊቴ ደርሶ፣ ሲጥ እያለ፣ ባለቤቴ ጋ ሄደ። አራት ጊዜ በፊቴ አለፈ። ጠግቤያለሁ ያልኩ ሴት በየት በኩል እጄን እሰዳለሁ?

ያኔ ልጄ ሁለቱን የመብያ እንጨቶች አነሳች። አክስቷ ናት ያስለመደቻት። ምላሷን ወጣ አድርጋ አንድ ቁራጭ ዶሮ ያዘች፣ ጣለችው፣ እንደገና ያዘች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቆመችና በሌላው እጇ ከሥር እየደገፈች ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እማ፣ እንቺ። የመጀመሪያው ላንቺ ነው።»

ከጠዋት ጀምሮ የፈለግሁት ይኸው ነበር። አክስቷ የሻይ ጀበና ይዛ አጠገባችን ቆማለች፤ ታያለች። ልጄ በእሷ ፊት እንድትለምነኝ ፈለግሁ። እንድትለማመጠኝ፣ «በሞቴ» እንድትለኝ፣ አክስቷም ቆማ ይህን እንድትሰማ።

«ጠግቤያለሁ፣ አንቺ ብዪ» አልኳት።

ልጄ ትንሽ አየችኝ። «እሺ» አለችና እጇን አዞረች።

አክስቷ አፏን ከፈተች። ባለቤቴ ሳቀ። እሷም እያላመጠች፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች፤ ልጄ ሁለተኛውን አጎረሰቻት፤ ደግማ ሦስተኛውን። ሁሉንም አየሁ። ሻይ ተቀዳልኝ፤ ስኳር የለውም፤ ያንኑ ጠጣሁ።

ስንመለስ ዝናብ ነበር። ባለቤቴ የተረፈውን በፌስታል አንጠልጥሎ ዳገቱን ቀድሞን ወጣ። ልጄ ከእኔ ጋር በአንድ ጃንጥላ ሥር ናት፤ ካርዷን እንዳይርስ ሹራቧ ውስጥ ከታዋለች።

«እማ፣ ለምንድን ነው ያኮረፍሽው?»

«አላኮረፍኩም።» ጥቂት ሄድን። ጓሮ ያሰርኳት ዶሮ ስትጮህ ከሩቅ ትሰማለች። ሆዴም ባዶ ነው፤ አላስቻለኝም። «የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ ሰጠሽ» አልኳት፣ እንደ እኩያዋ።

ቆመች። «ላንቺ እኮ ነው የሰጠሁት። ጠግቤያለሁ አልሽኝ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው ያልኩት» አልኳት።