ጋሼ መኩሪያና ጎባ ላይ ያቆሙት ግድግዳ

ቅድም ልጃቸው ከሮቤ ደወለችልኝ። "አባዬ አረፈ" አለች። ዘግቼው መልሼ ደወልኩላት፤ በደንብ ያልሰማሁ መስሎኝ። ያው ነው። ጋሼ መኩሪያ የሉም።

ለማታውቋቸው፦ በደርግ ጊዜ ጎባ አብረን አስተምረናል፤ እሳቸው ታሪክ፣ እኔ ሒሳብ። ተማሪ ሳሉ በየክረምቱ ትግራይና ላስታ እየዞሩ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት እንዴት እንደተሠሩ ይለኩ፣ ይስሉ ነበር። ስድስት ደብተር ሞልተዋል። ከዚያ ጦርነቱ የሰሜኑን መንገድ ዘጋው፤ ምደባቸውም ባሌ ሆነ።

መሄድ ሲያቅታቸው ጓሯቸው ውስጥ አንድ ግድግዳ በጥንቱ አሠራር ማቆም ጀመሩ። ኦቦ ሁሴን የሚባሉ የሪራ መንደር አናጢ የጽድ እንጨቱን ይጠርባሉ፣ እኔ ገመድ እይዛለሁ። ድንጋይ በጭቃ፣ በላዩ አግድም እንጨት፣ ደግሞ ድንጋይ። ማሰሪያው እንጨት ጫፉ ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ "የዝንጀሮ ራስ" ይሉታል።

ስቸኩል ጋሼ በለመዷት ኦሮምኛ ያቆሙኛል፦ "ሱታ! ቀስ በይ፣ ድንጋዩ የትም አይሄድም።"

ግድግዳው ደረት ላይ ሲደርስ የቀበሌ ሰዎች መጡ።

"ምሽግ ነው የምትሠራው?"

"የቤተ ክርስቲያን አሠራር ነው። ጥናት ነው።"

"ማን አዘዘህ?"

ደብተሮቹን አገላበጡና የጦር ካርታ ነው አሉ። ግድግዳውን አፍርሱ ተባለ። በዶማ ቢሉት፣ በዲጂኖ ቢሉት እምቢ አለ። ጋሼ እጃቸው የኋሊት ታስሮ ፊታቸው በራ። ሳያስቡት ጮክ ብለው፦

"አያችሁ? እንጨቱ ነው የያዘው!"

አንዱ በጥፊ መታቸው።

እኔ አጥሩ ሥር ከጎረቤት ጋር ቆሜ ነበር። "ማን ረዳህ?" ሲሏቸው ዝም አልኩ። እሳቸውም ወደ እኔ አላዩም። "ብቻዬን ነው" አሉ።

ስምንት ወር ታሰሩ። ደብተሮቹ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አልታወቀም። መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ዓይናቸው ደክሞ ነበር።

ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ስሄድ፣ "የደብተሮቹ ነገር አልተሰማም?" አሉኝ።

"እየተፈለገ ነው ጋሼ" አልኩ። ማንም እየፈለገ አልነበረም። ምን ልበላቸው?

ጋሼ፣ ያኔ ምንም አላደረግኩም፤ ዛሬም የማደርገው የለኝም። ያንን ግድግዳ ስንሠራ እኔም ነበርኩ። ይኸው፣ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ፤ እርስዎ ግን አይሰሙኝም።

አፈሩን ያቅልልልዎ።