ከቃል ኪዳን በፊት ምሳ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ሰርግ ተጠርተን ነበር፤ እኔና ባለቤቴ አስቴር። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንዲት ለግላጋ ልጅ የሰርጉ ፕሮግራም የታተመባትን ትንሽ መጽሔት በሁለት እጇ ሰጠችኝ። አጠገቤ ያሉት የሙሽሮቹን ፎቶ እያዩ "ሲያምሩ!" ይላሉ። እኔ መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ አወረድኩና መሐሉን ገልጬ የተያያዘበትን ሽቦ አየሁ፤ ቀጥሎ ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ።

"ተው አንተ ሰውዬ፣ ሰው ያያል" አለች አስቴር በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ። ቀጥላም እንደ ልማዷ፣ "ለመሆኑ ምሳው ስንተኛ ገጽ ላይ ነው?"

በየሰርጉ ይህን ትጠይቀኛለች። መብቷ ነው።

ነገሩ የወጣትነቴ ነው፤ ያኔ ጸጉርም ወገብም ነበረኝ። እዚሁ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር በአንድ ኮሌጅ ዴስክቶፕ ፐብሊሺንግ የሚባል ትምህርት እማር ነበር፤ ጋዜጣውን፣ መጽሔቱን፣ የሰርግ ካርዱን በኮምፒውተር ማቀናበር ማለት ነው። የትምህርቱን ስም ሳልደናቀፍ ለመጥራት ራሱ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። ወደ ክፍሉ ስንገባ ጫማችንን በር ላይ እናወልቃለን፤ አቧራ ኮምፒውተር ይገድላል ተብሎ ነው። የካልሲያችን ሽታ ምን እንደሚያደርገው ግን ማንም አልጠየቀም። የአርባ ምንጭ ሙቀት የታወቀ ነው፤ ያለችው አንዲት ማራገቢያ ፊቷን ወደ ማሽኖቹ አዙራ ትውላለች፣ እኛ ከጀርባዋ እንቀቀላለን።

እኔ ራሴን እንደ ሊቅ እቆጥር ነበር። አንድ ገጽ ሲሰጠኝ ዙሪያውን በሐረግ አጥራለሁ፣ ማዕዘኑ ላይ እርግብ አሳርፋለሁ፣ በቀረው ቦታ አበባ እተክላለሁ። ጽሑፉ መግቢያ ያጣል። መምህራችን ማቴዎስ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኔን ለረጅም ጊዜ አየና፣ "ይሄን ሁሉ አበባ ማን ያጠጣልሃል?" ብሎኝ አለፈ። ምስጋና መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ይኸው መምህር ለእያንዳንዳችን ባዶ ወረቀት አደለን። "እጠፉትና እንደ መጽሔት አድርጉት፤ በየገጹ በእርሳስ ቁጥር ጻፉ፤ ከዚያ ዘርጉትና እዩት" አለ። ነገሩ ቀላል ነው። በስክሪን ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ የሚከታተሉ ገጾች፣ በሚታጠፍ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ የመጀመሪያው ገጽ ጎረቤቱ የመጨረሻው ነው። ማንኛውም መጽሔት ከመታተሙ በፊት በባዶ ወረቀት መሞከር ያለበት ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማወራው። ያን ቀን ግን "ምነው፣ መዋዕለ ሕፃናት ገባን እንዴ?" አልኩና ወረቀቴን አውሮፕላን ሠራሁት። ሄዶ ሄዶ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። አንስቶ አገላበጠውና፣ "ማጠፍስ ትችላለህ" አለኝ።

አስቴርን የተዋወቅኳት በዚሁ ወቅት ነው። ከከተማው ውጭ ተራራ ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ልጅ ናት፤ ሲቀላ አክስቷ ቤት ሆና መምህርነት ትማር ነበር። ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ አባቷ አቶ ኡርማሌ፣ ዕድሜያቸውን በሽመና ያሳለፉ ሰው፣ ሽማግሌዎቹን በደንብ አስተናገዱና ጠየቁ፦

"ልጁ ሥራው ምንድነው?"

"ኮምፒውተር ይማራል።"

"ተምሮስ?"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ደፋሩ፣ "ወረቀት ያሳምራል" አለ።

"ወረቀት አምሮ ምን ያደርጋል?" አሉ አቶ ኡርማሌ። "ጋቢ ቢያምር ይለበሳል። ወረቀት ቢያምር ልጄን ምን ያለብሳታል?"

አስቴር ከጓዳ ሆና ስላለቀሰችና እናቷም ስላገዟት አባትየው እሺ አሉ፤ ግን በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርተው፣ "ልጄ፣ እኔ ሥራህን አላየሁም። አንድ ቀን አሳየኝ" አሉኝ። በክፋት አልነበረም የተናገሩት። ያ ነው ያሳሰበኝ።

በዚያው ሰሞን መምህር ማቴዎስ ለመመረቂያ የሚሆን፣ በእውነት ሥራ ላይ የሚውል መጽሔት እንድንሠራ አዘዘን። የራሴን ሰርግ ፕሮግራም ልሠራ ወሰንኩ። አማቴም ያያሉ፣ ኮሌጁም ማርክ ይሰጠኛል። ከእንኳን ደህና መጣችሁ ጀምሮ መዝሙሩን፣ ስብከቱን፣ ቃል ኪዳኑን፣ ቀለበቱን፣ የመዝጊያውን መዝሙር፣ ቡራኬውን፣ በመጨረሻም "ምሳ ስለተዘጋጀ ወደ ዳሱ እንድታልፉ" የሚለውን በየገጹ አሰፈርኩ። አበባው እንደተጠበቀ ነው። በስክሪን ላይ ከላይ ወደ ታች ሳየው እንዴት እንደሚያምር! በዚያው በስክሪኑ ተራ፣ ገጾቹን ጎን ለጎን አድርጌ አሳተምኩት፤ ለሽፋኑ ለብቻው ወፍራም ሮዝ ወረቀት ገዛሁ። የታተመውንም እንዳይጨማደድ ብዬ ሳላጥፈው፣ በካርቶን ዘርግቼ በሰርጉ ዋዜማ ከሚዜዬ ጋር ወደ ኦቾሎ ይዤው ወጣሁ።

ጊዜው ጥር ነበር። ሙዝ ሊጭን የሚሄድ አይሱዙ እስከ ጫኖ አደረሰን፤ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈን በሌላ መኪና ሽቅብ ነው። ከታች ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር፤ ሽቅብ ስንወጣ እንሰቱ እየበዛ፣ ነፋሱ እየቀዘቀዘ፣ አባያ ከሥር ቀይ ሸማ ተዘርግቶ የተረሳ መስሎ ይታያል። እኔ ግን ካርቶኔን እንደ ታቦት አቅፌ ሐይቁን በደንብ አላየሁትም። በነጋታው ጠዋት የመዘምራን ወጣቶች ወረቀቱን አጥፈው፣ ሽፋኑን አልብሰው በሽቦ መቱት። እኔ የተዋስኩት ሱፍ እምቢ ብሎኝ ከቁልፉ ጋር እታገል ነበር።

ሰርጉን የሚመሩት ከሩቅ ከተማ የተጋበዙ መጋቢ ነበሩ፤ የሥርዓት ሰው። የአገሩን ልማድ ላለማፋለስ ብለው መጽሔቴን በሁለት እጃቸው ያዙና ከእሷ ፈቀቅ አልሉም አሉ። መዝሙሩ ተዘመረ፣ ስብከቱ አለፈ። መጋቢው ገጽ ሲገልጡ የመዝጊያውን መዝሙር አገኙ። የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች አዩ፤ ሽማግሌዎቹም እንግዳውን ማረም አሳፍሯቸው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ተዘመረ። ቀጣዩን ገጽ ገለጡ፦ ቡራኬ። እጃቸውን አንስተው ባረኩ፤ ሕዝቡ "አሜን!" አለ። ሌላ ገጽ ገለጡ፦ "ምሳ ስለተዘጋጀ ወደ ዳሱ እንድታልፉ።"

የሥጋው ሽታ ከውጭ ሲያባብለን አርፍዷል። ሕዝቡ አንድ ላይ ግር ብሎ ወጣ። አቶ ኡርማሌም ጋቢያቸውን ሰብስበው ከፊት ከፊት ወጡ። እኔም፣ አትፍረዱብኝ፣ ጽሑፉ የራሴ ስለሆነ አመንኩትና መራመድ ጀመርኩ።

አስቴር እጅጌዬን ያዘችኝ።

"የት ነው?"

"ምሳ።"

"ማንን አግብተህ?"

ተመለስኩ። መጽሔቱን ከመጋቢው እጅ ተቀብዬ አገላበጥኩት። ቀለበቱ ከምሳው በኋላ፣ ቃል ኪዳኑ ከቀለበቱ በኋላ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ በትልቁ፣ በአበባ ተከቦ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ይላል። ያ አውሮፕላን ትዝ አለኝ።

ሚዜዬ ወደ ዳሱ እየሮጠ፣ "ኧረ ተመለሱ! ገና አልተጋቡም!" እያለ ጮኸ። ሰው እየሳቀ ተመለሰ። ቀድመው የደረሱት ቆጮአቸውን በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ይዘው ገቡ፤ አንዲት የአስቴር አክስት ቃል ኪዳኑን የሰሙት እያላመጡ ነው። "እፈቅዳለሁ" ስል ድምፄ እንደ ጎረምሳ ተሰባበረ። አስቴር ግን መጋቢው ጠይቀው ሳይጨርሱ መለሰች፤ ምሳው እየቀዘቀዘ ነው ብላ ነው አሉ።

ከምሳ በኋላ አማቴ አቶ ኡርማሌ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መጽሔቱን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ አበቦቹን በጣታቸው ይከተላሉ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

"ወረቀት ምን ያደርጋል ብዬህ ነበር።"

"አዎ፣ ብለውኛል።"

"ዛሬ አየሁ። ይህን ሁሉ ሰው ተነስ አለው፣ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ፤ ልጄን እንኳ ዞሬ ሳላይ።" መጽሔቱን አጥፈው በኪሳቸው አደረጉት። "ኃይለኛ ሥራ ነው። ተጠንቅቀህ ሥራው።"

መምህር ማቴዎስ አንዱን ቅጂ እንደ ፈተናዬ አድርጎ ተቀበለኝ። እስከ መጨረሻው ገለጠው፤ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ላይ ሲደርስ ከንፈሩን ነከሰ። ከመሳቢያው ባዶ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ቁጭ ብዬ አጠፍኩት፣ ቁጥር ጻፍኩበት፣ ዘርግቼ አየሁት። አለፍኩ፤ ለጥቂት።

በዚያ ሥራ ልጆች አሳድገናል። ዓይኔ እስኪደክም ድረስ፣ ለጉባኤም ይሁን ለሙት ዓመት፣ በባዶ ወረቀት ሳልሞክር ያተምኩት የለም። አበባውንም ከጊዜ በኋላ ተውኩት። አሁን ወጣቶቹ ገጹን ኮምፒውተሩ ራሱ ይደረድርልናል ይሉኛል። ጥሩ ነው። ሰርጉ ግን ትንሽ ደረቅ አለብኝ።

ቅዳሜ ዕለት ሁሉም ነገር በተራው ሄደ፤ ቃል ኪዳን፣ ቀለበት፣ ቡራኬ። ለምሳ ስንነሳ አስቴር እንደዚያን ዕለት እጅጌዬን ያዘችኝ። የቅዳሜው ግን ጉልበቷ ስለሚያማት ነው። የመጽሔታችን የመጨረሻ ገጽ ትዝ አለኝና ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ፣ "እንኳን ደህና መጣሽ" አልኳት።

"አሁን ገና?" አለችኝ።