የአልቫ አራተኛ ጥምቀት

ኦርሳመስ ቤልክናፕ የሠረገላ መንኮራኩር ሠሪ ነበር፤ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ናቩ ከተማ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ከእኔ ቤት በአጥር ብቻ የሚለይ ጎረቤቴ። በሕይወቱ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ በዚህም የተነሣ ነቢይ ነኝ ባዩ ሁሉ እንደ ድልድይ ተመላለሰበት።

ልጁ አልቫ በረግረጉ ወባ ሞተ፤ ሳይጠመቅ። በእኛ በአዲሱ እምነት ሥርዓት በስምንት ዓመቱ ሊጠመቅ ሲገባው አባትየው «ውሃው ይሙቅ፣ ሥራው ይቅለል» እያለ እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ አቆየው። እኛ ዘንድ ግን ለሞተ ሰው በሕይወት ያለ ዘመዱ በስሙ ሊጠመቅለት ይችላል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሉሪን ፖምሮይ ኦርሳመስን ወንዝ አስገብቶ «ስለ ሟቹ ስለ አልቫ» ብሎ ነከረው። ሰውዬው ሲወጣ እያለቀሰ ይስቅ ነበር።

ከዚያ እምነታችንን የመሠረተውን ነቢያችንን ጠላቶቹ እስር ቤት ውስጥ በጥይት ገደሉት። ወራሹ ማን እንደሆነ አልተናገረም አሉ፤ ወይም ለብዙዎች ተናግሯል። የሁሉንም ወገን በራሪ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ እንደ እነሱ ከሆነ ሟቹ ዕድሜ ልኩን ምሳ እንኳ ሳይበላ ወራሽ ሲሾም ነው የኖረው።

ነሐሴ ላይ ዛፎቹ ሥር ተሰበሰብን። እኛ ዘንድ እጅ ሳይነሣለት የሚጸና ነገር የለም፤ ነቢይም ቢሆን ጉባኤው ቀኝ እጁን አንሥቶ ነው የሚቀበለው። ብዙው ሰው ነቢዩ ለሾማቸው ለዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አነሣ። ፖምሮይ ግን ከፒትስበርግ ለመጣው ተቀናቃኝ አደረ፤ ሳይውል ሳያድርም ኦርሳመስ በር ላይ ቆመ።

«ወንድም ኦርሳመስ፣ የልጅህ ጥምቀት አይቆጠርም።»

«አንተው አይደለህ እንዴ የነከርከኝ?»

«ነኝ። ሥልጣኑን የሰጡኝ ሐዋርያት ግን ወድቀዋል። እነሱ ሲወድቁ የሰጡትም አብሮ ወደቀ።»

ኦርሳመስ ወንዝ ገባ።

ሐዋርያቱን የተከተሉት እሱ መንኮራኩር በገጠመላቸው ሠረገላ ወደ ምዕራብ ሄዱ። እሱ የልጁን መቃብር ትቶ አልሄድ አለ። ብዙም ሳይቆይ ፖምሮይ ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ዊስኮንሲን ውስጥ መልአክ ለቀባው ሰው አድሯል፤ የፒትስበርጉ ወድቋል። ኦርሳመስ ለሦስተኛ ጊዜ ገባ፤ ውሃው የጥቅምት ውሃ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኦርሳመስ ደረት እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጭ ጀመር።

ዓመታት አለፉ። ቤተ መቅደሳችን ተቃጠለ፤ የቀረውን ግድግዳ አውሎ ነፋስ ጣለው። ፈረንሳዮች መጥተው ከተማዋ ውስጥ ሰፈሩ፤ እነሱም በመሪ ተጣልተው ተበተኑ። ሳቅ እንኳ ሰለቸን።

አንድ የመጋቢት ቀን የተዋስኩትን መዶሻ ልመልስ ስገባ ፖምሮይ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ጸጉሩ ነጭ፣ ካፖርቱ ያው የድሮው። የኦርሳመስ ሚስት ፊሊንዳ የበቆሎ ገንፎ ታማስላለች።

«ወንዙ ማዶ፣ አዮዋ ውስጥ፣ እውነተኛው ነቢይ ተነሥቷል» አለ ፖምሮይ።

«ያልተነሣ ማን ቀረ?» አልኩት።

«የዊስኮንሲኑ...»

«ወድቋል» አለች ፊሊንዳ ቀና ሳትል። «እርስዎ ያልጣሉት ነቢይ አለ?»

ኦርሳመስ አንዱን ቦት ጫማ ማውለቅ ጀምሯል። በመስኮቱ በረዶ ወንዙ ላይ እየተጋጨ ሲሄድ ይታያል።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ደረትህ?» አለችው ፊሊንዳ።

«አልቫ መንግሥተ ሰማያት ደጅ ቆሞ ይቅር?»

«ልጄን ያህል ውሃ የገባ ሬሳ ኢሊኖይ ውስጥ የለም። አሁን አንተን ልቅበርና ላንተ ደግሞ ማን ይነከርልህ?»

ኦርሳመስ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ሳል ያዘው። እስኪለቀው ጠበቅነው።

«ሉሪን» አለ፤ «ያን የመጀመሪያ ቀን፣ ስሙን ስትጠራ፣ አምነህ ነበር?»

ፖምሮይ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዞረ፣ አዞረና «ከዚያ ወዲህ እንደዚያን ቀን አምኜ አላውቅም» አለ።

ኦርሳመስ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ተነሥቶ ቆመ። «የአልቫ የመጀመሪያ ጥምቀት ይጽና የምትሉ፣ ቀኝ እጃችሁን አንሡ።»

ፊሊንዳ ከነማማሰያው አነሣች። እኔ ለማንም እጄን ማንሣት ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ አነሣሁ።

«ይሄ ጉባኤ አይደለም እኮ» አለ ፖምሮይ።

«አዮዋ ያላችሁት ስንት ናችሁ?» አልኩት።

«ዐሥራ አንድ። ሁለቱ ሊለቁ ነው።»

ፖምሮይ እጁን አየው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው የነከረበትን እጅ። ከዚያ ከባድ ነገር እንደሚያነሣ ሰው ቀስ ብሎ አነሣው።

«የሚቃወም?» አለ ኦርሳመስ።

የበረዶው መጋጨት ብቻ ተሰማ።

ኦርሳመስ ተቀምጦ ጫማውን መልሶ ሊያደርግ ታገለ፤ እግሩ አብጧል። ፖምሮይ ተንበርክኮ አደረገለት። ፊሊንዳ አራተኛ ሳህን አወጣች፤ ገንፎውን በላን። ቀዝቅዞ ነበር።